ከፎደራው ሥር የቀሩት ቀበቶዎች

ሞተር ሳይክሉ ላይ አራት ሆነን የምንቀመጥበት ሥርዓት ነበረን። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ወንዱ ልጄ ከፊቴ፣ የነዳጅ ታንከሩ ላይ በታጠፈ ፎጣ ይቀመጣል። ከኋላዬ የስድስት ዓመቷ ልጄ፣ ከእሷ ኋላ ባለቤቴ። ባለቤቴ ሁለት እጆቿን በልጅቷ ግራና ቀኝ አሳልፋ የእኔን ጃኬት ትይዛለች። እንዲህ ሆነን ጠዋት ጠዋት ከሚዛን ተፈሪ እንወጣና በሸዋ ቤንች መንገድ ላይ ወዳለው፣ ባለቤቴ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ልጅቷ እዚያው ትማራለች። ትንሹን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን ያሉ አንዲት እናት ይይዙልናል። እኔ አድርሻቸው ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ ከሰዓት ሄጄ አመጣቸዋለሁ።

አራት ሰው በአንድ ሞተር መጫን እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ብዙ ነገር አውቃለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ከማሽን ጋር ከሚመጡ መጻሕፍትና ከስልክ ነው። የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና የእሸት ቡና መፈልፈያ እጠግናለሁ። አንድ ብሎን ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ተጽፎ ከሆነ አነበዋለሁ፣ ካልተጻፈ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥሬ ራሴ እጽፈዋለሁ። ማሽን ፊት ቸኩዬ አላውቅም። ሰው ፊት ግን አፌ አይፈታም፤ በተለይ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ከሆነ።

ክረምቱ ሊገባ አካባቢ አንድ ቀን ከሰዓት ስንመለስ ልጅቷን እንቅልፍ ወሰዳት። ቀዩ ጭቃ ላይ የኋላው ጎማ ሸርተት ሲል እሷም ወደ ጎን ሄደች። ባለቤቴ በሹራቧ አንገት አንጠልጥላ አስቀረቻት። አልወደቀችም፤ ባቷ ግን የጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ላይ አረፈ። የተቃጠለው ቦታ ሦስት ጣት ይሆን ነበር። ያን ቀን ማታ ባለቤቴ ቅባት እየቀባቻት ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «በዚህ ሞተር ሁለተኛ ልጆቼን ይዤ አልወጣም» አለች።

«መኪና እንገዛለን» አልኳት።

ለቤት መሥሪያ ብለን ያስቀመጥነው ነበር፤ ሞተሩም ይሸጣል። ቤቱ ይቆይ ተባባልን። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጆቼ ተቀምጠው፣ ታስረው፣ በሄዱበት አኳኋን ሳይነኩ የሚመለሱበት ነገር።

ሚዛን ላይ መኪና ልትገዛ እንደሆነ ከተሰማ የማይመክርህ ሰው የለም። ከሁሉ ቀድመው የመከሩኝ አማቴ ናቸው። አማቴ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው ዳር ሱቅ የከፈቱ፣ በመኸር ጊዜም ቡና የሚገዙ ሰው ናቸው። እኔን ያለ ዘመድ፣ ያለ ዲፕሎማ ልጃቸውን ስጠይቃቸው እምቢ ያላሉኝ ሰው ናቸው። ይህን አልረሳሁም። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አስቀመጡኝና፣

«መኪና ማለት የሚጭን ነው» አሉኝ። «ፒካፕ ግዛ። ልጆችህን አድርሰህ ስትመለስ ስምንት ኩንታል ጀንፈል ቡና ከኋላ ትጭናለህ፣ ራሷን በራሷ ታበላለች።»

«ልጆቹስ አባባ? የት ይቀመጣሉ?»

«ጋቢና ነዋ! ሁለቱ ተደምረው አንድ ጆንያ አይሞሉም።» ሱቅ ውስጥ የነበሩት ገዢዎች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የጎደለህን እኔ እሞላዋለሁ» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ አይቸገሩ። ያለን ይበቃናል።»

አዩኝና ወደ ሚዛናቸው ዞሩ። ያቺ እምቢታ ምን ያህል እንደከነከነቻቸው የገባኝ በኋላ ነው።

ጎረቤታችን ባጃጅ ግዛ አለኝ፤ ባጃጅ በር የለውም። የሥራ ባልደረባዬ ሚኒባስ ግዛና ቀን ቀን መስመር ላይ አውለው አለኝ። ሁሉም አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ ስትሸጠው ስንት ያወጣል? እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበረኝ። መናኸሪያው አጠገብ ከሌሎች ጋር ቆሞ ጫት የሚቅም አንድ ደላላ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁት።

«የምን ዓይነት ልፈልግልህ አለቃ?»

«የቤት መኪና። የኋላው ወንበር ላይ ስንት ቀበቶ አላት?»

ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ስሙት እንጂ! ሰው ሞተር ይጠይቃል፣ ሰው ካምቢዮ ይጠይቃል፣ ይሄ ሰውዬ ቀበቶ ይጠይቃል። ሱሪህ አስቸግሮህ ነው?» ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። እሱም ትከሻዬን ቸብ አድርጎ፣ «አትቀየመኝ ወንድሜ። ቀበቶ ከፊት አለልህ፤ ትራፊክ የሚያየው የፊቱን ነው። የኋላው ምን ይሠራልሃል?» አለኝ።

ልጆቼ የሚቀመጡት ከኋላ ነው ብዬ አልመለስኩለትም። ያሳየኝን ሁሉ ግን አየሁ። ለእያንዳንዱ መኪና ደብተሬ ላይ አንድ ገጽ ሰጥቼ ሰባት መኪና አየሁ። የኋላ በሮቻቸው ከውስጥ ልጅ እንዳይከፍታቸው የሚቆለፉ መሆናቸውን፣ ጎማቸውን፣ ፍሬናቸውን፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ሁለቱን በፍሬናቸው ምክንያት ተውኳቸው፤ በቀሩት አምስቱ የኋላው ወንበር ላይ ቀበቶ አላገኘሁም። ኖሯቸው ነበር፤ ግን በእኛ አገር መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ወንበሩን በቆዳ ፎደራ ማልበስ ነው። የፋብሪካው ጨርቅ ሳይቆሽሽ ይሸፈናል፣ መኪናው ይከበራል፣ ባለቤቱም ይመሰገናል። ፎደራ ሠሪው ደግሞ የሚጎረብጥ ነገር አይወድም። የኋላውን ቀበቶ ከነመቆለፊያው ወደ ታች ጠቅጥቆ ቆዳውን ከላይ ይወጥርበታል። እጄን በወንበሩ ስንጥቅ እየከተትኩ ከቆዳው በታች ብረቱን እዳስሰው ነበር። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ነክቼ፣ በቀን ጽፌዋለሁ።

መኪናዋን ያገኘኋት ቴፒ ነው። ቢሮ የሚሠሩ አንዲት ሴት ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው ሊሸጧት ነበር። አራት በር ያላት፣ ነጭ፣ ትንሽ የቤት መኪና። በዚያ በቴፒ ሙቀት ከዛፍ ሥር አቁመዋት በሩን ሲከፍቱልኝ አፈሩ።

«ፎደራ አላለበስኳትም» አሉኝ። «ዛሬ ነገ ስል ዝውውሩ ደረሰብኝ። ለእሱ ትንሽ እቀንስልሃለሁ።»

ግራጫ የፋብሪካ ጨርቅ ነበር። በኋላው ወንበር ላይ ሦስት ቀበቶዎች፣ ሦስት መቆለፊያዎች፣ ሁሉም በቦታቸው። አንድ በአንድ እየሳብኩ በድንገት ነጠቅ አደረግኋቸው፤ ሦስቱም ቀጥ ብለው ያዙ።

«ልትበጥሰው ነው እንዴ?»

«መያዙን እያየሁ ነው።»

«ሞተሩን አታስነሳም?»

«አስነሳለሁ» አልኩ፤ ግን በልቤ ገዝቻት ነበር።

ለትንሹ የሕፃን ወንበር በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ከአዲስ አበባ አስመጣሁለት። ቀበቶው በወንበሩ ጀርባ የሚያልፍበትን መንገድ ከመመሪያው አንብቤ ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት፤ በአራተኛው ብወዘውዘው አልነቃነቅ አለኝ። ልጅቷ ከፍ ብላ እንድትቀመጥ፣ ቀበቶው በአንገቷ ሳይሆን በትከሻዋ እንዲያልፍ የምትቀመጥበትን ደልዳላ መቀመጫ አብሬ አስመጣሁ። ቀበቶዋን ራሷ ትቆልፋለች፤ ከዚያ የወንድሟን ትመረምራለች፤ ከዚያ «ይሄዳል!» ትለኛለች። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለ ጭንቀት ነዳሁ። ከአባትነቴ ደህናው ጊዜ ያ ነው።

ኅዳር የእሸት ቡና ወቅት ነው፤ ማሽን የሚሰበረውም ያኔ ነው። ከጌጫ በታች ያለ የቡና ማጠቢያ መፈልፈያው ቆሞበት ባለቤቱ መኪና ልኮ ወሰደኝ። አራት ቀን ቆየሁ። የእኔን መኪና ለአማቴ ቡና የሚያመላልስ ሹፌር እየነዳ ቤተሰቤን እንዲያመላልስልኝ ቁልፉን ሰጥቼው ነበር።

ቅዳሜ ስመለስ ባለቤቴ ደውላ በቀጥታ ወደ አባባ ቤት ና አለችኝ። ግቢው ውስጥ ሰው ተሰብስቧል፤ የአማቴ የዕድር ጓደኞች፣ ጎረቤቶች፣ ዳቦና ለስላሳ ቀርቧል። መኪናዋ ታጥባ መሃል ላይ ቆማለች። አማቴ ክንዴን ይዘው ወሰዱኝና የኋላውን በር ከፈቱት።

ጥቁር ቆዳ፣ በቀይ ክር የተሰፋ። በሮቹ ሳይቀሩ ለብሰዋል። ሽታው ገና ማስቲሽ ማስቲሽ ይላል። የትንሹ ወንበር የለም፤ የልጅቷም መቀመጫ የለም።

«አሁን መኪና መሰለች!» አሉ አማቴ። «የጎደለህን አላስሞላ ብትለኝ ይሄን እንኳ ላድርግ እንጂ! ቦንጋ ድረስ ሄዶ የተማረ ልጅ ነው የሠራት። የቀኝ ያርግላችሁ።»

«አሜን» አለ ሰው ሁሉ።

እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ወንበሩ ስንጥቅ ገባ። ለስላሳ ነው። ምንም አይወጣም።

«ምን ጠፋህ ልጄ?»

«ቀበቶዎቹን ነው አባባ።»

«አሉ፣ አልተጣሉም። ከሥር ናቸው። ሰው ሲቀመጥ ይወጋል ብሎ ነው ልጁ የሸፈናቸው።»

አንዱ ሽማግሌ ከኋላዬ፣ «ልጆች ናቸው እኮ፣ እስረኛ አደረግሃቸው እንዴ?» አሉና ሰው ሳቀ። ትንሹ ልጄ ያን ጊዜ ያ የሕፃን ወንበሩ ላይ ነበር፤ ወንበሩን አማቴ ከግቢው ጋር በተያያዘው ሱቃቸው ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ አስቀምጠውለት እዚያ ላይ ሆኖ ብስኩት ይበላል።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ዛሬ ምን እንደምል በደንብ አውቃለሁ። አባባ፣ በስጦታዎ ደስ ብሎኛል፤ ቀበቶዎቹን ግን አስወጣቸዋለሁ። ሰባት ቃል ነው። ሰው ቆሞ እያየኝ፣ አማቴ በሩን ይዘው እየጠበቁኝ፣ እኔ ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ነካሁና፣ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አልኩ።

ማታ ለባለቤቴ በሚቀጥለው ሳምንት አስከፍተዋለሁ አልኳት።

«እንዲህ በቶሎ? አባባ ይሰማል። ሠሪው ሱቁ አጠገብ ነው ያለው። እስከ ገና ይቆይና በዓሉ ሲያልፍ ቀስ ብለህ ታስከፍተዋለህ።»

«እሺ» አልኩ። ቀስ ብዬ እነዳለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ምክንያት የሚሰጠኝን ሰው አባርረዋለሁ።

ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ከከተማው ወጥተን ቁልቁለቱን እየወረድን ነበር። ባለቤቴ ትንሹን ታቅፋ ከኋላዬ ተቀምጣለች። ልጅቷ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ቆማ መንገድ ዳር የተደረደረ ሙዝ አይታ እንድገዛላት ትለምነኛለች። ስንመለስ አልኳት። «ሁልጊዜ ስንመለስ ትላለህ» አለችኝ። ከጎደሬ ማሳው ውስጥ ጥጃ ዘሎ ወጣ። ፍሬን ያዝኩ። ፍጥነቴን አይቼዋለሁ፤ ሠላሳ ነበር፤ ከዚያ ትንሽ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ፍሬኑ ራሴ ያስተካከልኩት ነው፤ በደንብ ያዘ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጅቷ አልቆመችም። በጎኔ አልፋ ዳሽቦርዱን በአፏ መታችው።

ጥጃው ተሻግሮ ሄደ።

ከንፈሯ እስከ አፍንጫዋ ድረስ ተሰንጥቆ ነበር። ሆስፒታል ሰፉላት። ሁለቱ የላይ ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ የወተት ጥርሶች ናቸው፣ ከሥራቸው ያሉት ግን ተነክተው እንደሆነ ሲበቅሉ ነው የሚታወቀው ተባልን። ስፌቱ ሲደርቅ ከንፈሯን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ አስቀረው። ይህ እንደማይመለስም ነገሩን።

ሊጠይቁን የመጡት ሰዎች ቤቱን ሞሉት። «ተመስገን በል፤ መኪናዋ እንኳ አልተጫረችም» አለኝ አንዱ፣ ከልቡ። አማቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግሯን በነጠላቸው ሸፍነው እያለቀሱ፣ «ቀስ ብለህ ንዳ ብዬህ አልነበረም?» አሉኝ።

«ብለውኛል አባባ።»

በማግስቱ መኪናዋን ከቤቴ ደጃፍ አቁሜ በምላጭ የኋላውን ፎደራ ከዳር እስከ ዳር ቀደድኩት። ቀን ነው፤ የሚያልፈው ሁሉ ያየኛል። ከቆዳው ሥር ስፖንጅ ነበር፤ ከስፖንጁ ሥር ሦስቱም ቀበቶዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው በጥንቃቄ ተጠቅልለው፣ በሰም ክር ሁለት ሁለት ቦታ ታስረዋል። መቆለፊያዎቹ ቆዳውን እንዳይወጉ ጠርዛቸው በጨርቅ ተለብጧል። እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው በከተማው ውስጥ ብዙ አላውቅም። ብጠይቀው ኖሮ ቆዳውን በልኩ ቀዶ ያወጣልኝ ነበር፤ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ወሬው ከእኔ በፊት ሱቁ ደረሰ። አማቴ «ስጦታዬን አደባባይ ላይ በምላጭ ቀደደው» ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ መምጣት ተዉ። በደጄ በባጃጅ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌዎች ገብተው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አማቴ ቤት አስቀመጡን። አንደኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የጠየቁኝም እሳቸው ናቸው።

«አባትህ ያለበሱልህን በምላጭ ቀድደሃል?»

«አዎ ቀድጃለሁ። ቀበቶዎቹ ከሥሩ ነበሩ። ልጄ የተጎዳችው ስላልታሰረች ነው።»

«ቀበቶዎቹ ከሥሩ እንዳሉ ቀድሞ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለልጆቹ እንደሚያስፈልጉስ?»

«አውቅ ነበር። የገዛኋት ለእነሱ ብዬ ነው።»

«ይህንን ለአባትህ ነግረሃቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም» አልኩ።

አማቴ ከተቀመጡበት ዱላቸውን አንስተው መሬቱን መቱት። «ብትነግረኝ ኖሮ በዚያችው ቀን አላስወጣልህም ነበር? ምን ቸገረኝ? ከልጄ ልጅ ቆዳ ይበልጥብኛል? እኔ ቡና ነው የማውቀው! የማሽኑ ሰው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሽማግሌው ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ። ተነሥቼ የአማቴን ጉልበት ሳምኩ። ትከሻዬን ይዘው አነሡኝና ይቅር ብዬሃለሁ አሉ። ተመረቅን፣ ምሳ በላን፣ ሽማግሌዎቹ ተመስግነው ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ የተቀደደው ቆዳ እንደተገለበጠ ነው። ልጆቹ ከኋላ ታስረዋል፤ ባለቤቴ ከጎኔ ናት። ወደ ኋላ ዞራ ልጆቹን አየችና፣

«አባባ ይቅር አለህ» አለች።

«አዎ።»

«እሱ አያውቅም ነበር። አንተ ታውቅ ነበር። እኔም እስከ ገና ይቆይ ያልኩት አንተ እሺ ስትል የማያሰጋ ነገር መስሎኝ ነው። ለቆዳው ሽማግሌ ተቀመጠ። ለእሷ ማን ይቀመጥላታል?»

ከኋላ ትንሹ ልጄ እህቱን ኮርኩሯት ስትስቅ ሰማሁ። በመስታወቱ ቀና ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ሳቋን ሳታቋርጥ አፏን በእጇ ሸፈነች።